ቀላል ስንቅ ለረጅሙ የቁልቢ መንገድ

ወርኃ ታኅሣሥ እኩሌታውን ሲያልፍ ወለንጪቲን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሌላ መልክ ይይዛል። በሌሎቹ ወራት ይህ መንገድ የጭነት መንገድ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርዱና ከዚያም የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች ሌት ተቀን ይመላለሱበታል። ከታኅሣሥ 15 ቀን በኋላ ግን በመስተዋታቸው ላይ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል የለጠፉ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ተከታትለው ያልፉበታል። ከውስጣቸው የመዝሙርና የከበሮ ድምፅ ይሰማል፤ በጣሪያቸው ላይ ደግሞ ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ የከሰል ጆንያና የሽንኩርት ከረጢት ተቆልሎ ይታያል። ጉዞው ወደ ቁልቢ ነው።

የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወለንጪቲ ከአዳማ (ናዝሬት) 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ እስከ ቁልቢ ያለው መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ወለንጪቲ የደረሰ መንገደኛ ከሩብ እምብዛም ያልበለጠውን ጉዞ ነው ያጠናቀቀው። ከፊቱ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ)፣ ሂርናና ጨለንቆ ይጠብቁታል። ብዙ ቤተሰብም ለቁርስ ወይም ለሻይ የሚወርደው፣ ልጆቹንም የሚያሳርፈው እዚሁ ነው። ስንቅ የሚፈታውም እዚሁ ነው፤ የስንቁም ጉድለት መታየት የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በበዓል ገጽ ላይ ስለ ስንቅ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ስለ መልአኩ ተራዳኢነት፣ ስለ ስለትና ስለ ምስጋና መናገር ሲገባ ስለ ሽሮና ስለ ቆሎ ማውራት ምን ይረባል ይባል ይሆናል። ነገር ግን በዓሉን በዓል የሚያደርገው ሰው በቦታው በልቡም በአካሉም መገኘቱ ነው። የስንቁ አያያዝ ሰውን ከበዓሉ የሚያርቅ ከሆነ ነገሩ ትንሽ መሆኑ ይቀራል።

ገብርኤልን በጆሮዋ ብቻ ያየች እናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቁልቢ በሄድን ጊዜ ከድንኳናችን አጠገብ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከነቤተሰባቸው ሰፍረው ነበር። ቤተሰቡ ከዐሥር ሰው በላይ ነው። የመጡት ስለት ለማግባት ነበር፤ ለብዙ ዘመን መካን ሆና የቆየች ልጃቸው ወልዳላቸው የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጥተዋል። የበዓሉ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ደወል ተደወለ፣ ዕልልታው ተራራውን ሞላው። እኒያ እናት ግን ከድንኳኑ በስተጀርባ ተንበርክከው አልበስል ያለ የክክ ወጥ ያማስላሉ። እንጨቱ ርጥብ ነበርና ጭሱ ዓይናቸውን አጥፍቶታል።

እኔ ከአገልግሎት ስመለስ አሁንም እዚያው ነበሩ። «እማማ፣ በዓሉን እንዴት ዋሉት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ዲያቆን ልጄ፣ ምን እላለሁ? ዘንድሮም ገብርኤልን በጆሮዬ ብቻ አየሁት» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ መጥተው እንደዚሁ ድስት ሲጠብቁ በዓሉ እንዳለፋቸው ነገሩኝ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም እናቱን የሚወድ ነበር። ነገር ግን ስንቁ ሲታሰብ የታሰበው እንደ ቤት ምግብ ነበርና፣ የቤቱ ማዕድ እስከ ቁልቢ ሲከተል የቤቱም ድካም አብሮ ተከተለ። ማርታና ማርያም በቢታንያ የተለያዩበት ነገር (ሉቃስ ምዕራፍ 10) በቁልቢ ድንኳኖች በየዓመቱ ሲደገም አያለሁ። ልዩነቱ በቁልቢ ያለችው ማርታ ድስቱን ትታ ከጌታዋ እግር ሥር ለመቀመጥ የምትናፍቅ መሆኗ ነው።

በሌላው መፍረድም አይገባኝም። በዚያው ዓመት የእኛ ስንቅ ከእርሳቸው የባሰ ነበር። ባለቤቴ የምስር ወጥና የጎመን ወጥ ሠርታ በላስቲክ ባልዲ ከድና እንድንይዝ ባልስማማም፣ «ትኩስ ምግብ ይሻለናል» ብዬ ግድ ያልኩት እኔ ነበርሁ። ወለንጪቲ ላይ ስንከፍተው ደኅና ነበር። አዋሽ ስንደርስ ክዳኑ ተነፍቶ ሽታው ተለወጠ። ትንሹ ልጄ ግን ሳናየው ጥቂት ቀምሶ ኖሮ፣ አሰበ ተፈሪ እስክንደርስ ሲያስመልሰው መኪናው በየሜዳው ቆመ። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት መንገደኛ ሴት ከአገልግላቸው በሶ አውጥተው በውኃና በጥቂት ጨው በጥብጠው፣ ልጁ ከተረጋጋ በኋላ በትንሽ በትንሹ አጠጡልን። ያን ቀን ስለ ስንቅ ከማንም በላይ የተማርኩት ከእኒያ ሴት ነው።

በዓሉ በጾም ውስጥ ነው

ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነበት መታሰቢያ ነው። ዕለቱ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ በሚጾመው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። በመሆኑም የቁልቢ ስንቅ ከቤት ሲነሣ ጀምሮ የጾም ስንቅ ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል የለበትም። ከዓርብና ከረቡዕ በቀር ሌላውን ቀን በፍስክ ለለመደ ተጓዥ ይህ ችግር ይመስለው ይሆናል። የመንገድን ነገር ለሚያውቅ ግን ጾሙ ራሱ መሪ ነው። ቶሎ የሚበላሹትና የሚከብዱት ምግቦች በአብዛኛው ጾሙ የከለከላቸው ናቸው። የተፈቀዱት እህልና ጥራጥሬ ደግሞ ሲደርቁ የሚቆዩ፣ ሲሸከሟቸው የማይከብዱ፣ ጥቂት ሲበሉላቸው የሚያጠግቡ ናቸው።

በጾሙ ሰዓት ረገድ ሕፃናት፣ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች እንደ ጤነኛ ጎልማሳ አይቆጠሩም። በዚህ ረገድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ሊመክር ይገባዋል። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ከምግብና ከውኃ 18 ሰዓት መከልከል ስላለበት የእርሱ ማዕድ የሚሰናዳው ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን በስንቁ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ረጅም ሰዓት የጾመ ሆድ ደግሞ ከባድና ቅባት የበዛበት ምግብ ድንገት ሲገባበት ይታወካል፤ ቀጭን በሶ ወይም ሞቅ ያለ አጥሚት ግን በእርጋታ ይቀበላል።

ቆሎና በሶ በመጻሕፍትና በታሪክ

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መንገድ ስንቅ ደጋግሞ ይናገራል። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ስንቅ ለማሰናዳት ጊዜ ስላላገኙ ያልቦካውን ሊጥ ቂጣ አድርገው ጋግረዋል (ዘፀአት 12)። እሴይ ልጁን ዳዊትን በጦር ሜዳ ወዳሉት ወንድሞቹ ሲልከው ያስያዘው የተጠበሰ እህልና እንጀራ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 17)። ሩት በቦዔዝ እርሻ ላይ የተሰጣት የተጠበሰ እህል አጥግቧት ተርፎላታል (ሩት 2)። ነቢዩ ኤልያስም ወደ ኮሬብ ተራራ ከመጓዙ በፊት መልአክ ያቀረበለት እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ብቻ ነበር (1ኛ ነገሥት 19)። ከነዚህ ሁሉ መካከል ድስት የጫነ መንገደኛ አናገኝም።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤትም የቆመው በቆሎ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ፊደል ቆጥሮ፣ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው ልጅ «የቆሎ ተማሪ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ያን ሁሉ አገር ያካለለው የደረቀ እንጀራና ቆሎ እየበላ ነው። ታላላቆቹ መምህራን ያን መንገድ ያልሄዱበት ጥቂት ናቸው።

የአገር ታሪክም እንዲሁ ይመሰክራል። በ1888 ዓ.ም ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት እንደ ዛሬው ጦር የተደራጀ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ዳቦ ቆሎውንና ሽሮውን በየስልቻው ይዞ፣ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ነበር የተጓዘው። ከዘማቾቹ አንዱ የነበሩት ራስ መኰንን የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ለመልአኩ ስለተሳሉ እንደሆነ አባቶች ይተርካሉ። ራስ መኰንን ያረፉትም በ1898 ዓ.ም በዚያው በቁልቢ ነው። ስለዚህ የቁልቢ መንገድና የዘማች ስንቅ ከመጀመሪያው የተዛመዱ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከ1895 ዓ.ም ጀምሮ ባቡር ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ምእመናን በባቡር እስከ ድሬዳዋ ሄደው ከዚያ ወደ ቁልቢ ይወጡ ነበር። የወለንጪቲ ሽማግሌዎች ተጓዡ በባቡር መስኮት አገልግሉን አውርዶ ለልጆች ዳቦ ቆሎ ይበትን እንደነበር ይናገራሉ።

የመንገዱ ጠባይ

ስንቅ ከመሰናዳቱ በፊት መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ብርድ የተነሣ ተጓዥ በአዳማና በወለንጪቲ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። መተሐራና አዋሽ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በታች ወርዷል፤ ቀኑ በታኅሣሥም ቢሆን ይሞቃል። ከሚኤሶ ጀምሮ መንገዱ ዳግመኛ ይወጣል። ቁልቢ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት ሰብሮ ይገባል።

ይህ የአየር ለውጥ ለስንቅ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ ርጥብ ምግብ ቆላውን አይሻገርም የሚል ነው። ወጥ፣ ንፍሮና የተቀቀለ ድንች በሙቅ መኪና ውስጥ ታፍነው ሲውሉ ይበላሻሉ። እንጀራም በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያልበው ይሻግታል። ሁለተኛው፣ ለቁልቢ ሌሊት ሆድ የሚያሞቅ ነገር ያስፈልጋል የሚል ነው። እንግዲህ ስንቁ በመንገድ ደረቅ፣ በሰፈራ ቦታ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ትኩስ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት።

ምን እንያዝ?

ይህን ሁሉ የሚያሟሉት ምግቦች በየቤታችን ያሉ ናቸው።

በሶ፦ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮና ተፈጭቶ የተሰናዳ በመሆኑ እሳት አይፈልግም። በውኃ ሲበጠበጥ መጠጥ፣ በጥቂት ውኃ፣ በጨውና በዘይት ሲታሽ ጭብጦ ይሆናል። በርበሬ የሚወድ ቤተሰብ ከቤት ቀላቅሎ ሊይዝ ይችላል። ለልጆች ስኳር ቢጨመርበት ይወዱታል።

ድርቆሽ፦ እንጀራ ከግማሽ ክብደቱ በላይ ውኃ ነው። ሲደርቅ ይህ ውኃ ስለሚወጣለት ይቀላል፣ አይሻግትም። በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቆራርጦ ሁለት ሦስት ቀን ቢሰጣ ይደርቃል። መድረቁ የሚታወቀው ሲታጠፍ ሳይሆን ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። የሚታጠፍ ከሆነ ገና ነው። የሚያዘውም በጨርቅ ከረጢት እንጂ በላስቲክ አይደለም።

ምጥን ሽሮ፦ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅመሙ አብሮት የተፈጨ ስለሆነ ውኃ፣ ጨውና ዘይት ብቻ ይበቃዋል። ክክ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲወስድ ሽሮ በሩብ ሰዓት ወይም በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። በሚንተከተከው ሽሮ ውስጥ ድርቆሹን ጨምሮ ማውጣት ነው፤ አንድ ድስት፣ አንድ እሳት፣ አንድ ማዕድ ይሆናል።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ፦ ገብስና ሽምብራ ተቀላቅለው ቢቆሉ፣ ሱፍም ቢገባበት ሆድ ይይዛል። ወደ ሐረርጌ ሲቃረቡ የባቢሌ ኦቾሎኒ በመንገድ ይገኛል። ይሁን እንጂ ለትንንሽ ልጆች ኦቾሎኒና ሽምብራ ቆሎ በሚናወጥ መኪና ውስጥ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ለእነርሱ ዳቦና ቴምር ይሻላቸዋል።

ድፎ ዳቦ፦ ለመጀመሪያው ቀንና ለሁለተኛው ጠዋት ነው። ገና ትኩስ ሳለ መታሰር የለበትም፤ በደንብ በርዶ በነጠላ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል።

የአጥሚት ዱቄት፦ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለሕመምተኛ የግድ ያስፈልጋል። በቁልቢ ሌሊት አንድ ኩባያ ትኩስ አጥሚት ብርድ ልብስ ያህል ያሞቃል።

ለአምስት ሰው የአራት ቀን ስንቅ

አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ታኅሣሥ 17 ቀን ተነሥተው በ20 ቀን የሚመለሱ ቢሆን የሚከተለው ይበቃቸዋል። በሶ 2 ኪሎ፣ ድርቆሽ 2 ኪሎ (ይህም 15 ያህል እንጀራ ሲደርቅ የሚገኝ ነው)፣ ቆሎ 2 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ 1 ኪሎ፣ ምጥን ሽሮ 1 ኪሎ፣ አንድ መካከለኛ ድፎ ዳቦ፣ ቴምር 1 ኪሎ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ጨው፣ ሻይ ቅጠልና ጥቂት ሎሚ። ጠቅላላ ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ሲካፈል 600 ግራም ያህል ይደርሰዋል። ደረቅ እህል ኃይሉ በክብደቱ ልክ ብዙ ስለሆነ ይህ መጠን ጤነኛ ሰውን ያውላል፣ ያሳድራል። አሥራ ሁለት ኪሎ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ከረጢት ቢታሰር፣ መኪና ከቆመበት ቦታ እስከ ደብሩ ያለውን ዳገት በጀርባ ተሸክሞ መውጣት ይቻላል።

አሠራሩም አስቀድሞ ቢታሰብ ይበጃል። የየዕለቱን ለየብቻው በትናንሽ ከረጢት ቋጥሮ «የ17»፣ «የ18»፣ «የ19»፣ «የ20» ብሎ መጻፍ ነው። እንዲህ የሆነ እንደሆነ እናት ብቻ የምታውቀው ስንቅ አይኖርም። የ18ቱን ሽሮ አባት ይሠራዋል፤ የ19ኙን በሶ ትልቁ ልጅ ይበጠብጠዋል። በበዓሉ ዕለት እሳት የማይነካ ምግብ እንዲሆን አድርጎ ማሰናዳት ደግሞ የዚህ ሁሉ ዕቅድ ዋና ነገር ነው። ታቦት በሚወጣበት ሰዓት ምድጃ ላይ የሚቀር ሰው አይኑር።

ውኃና እሳት

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ውኃ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንቆጥር ለአምስት ሰው 15 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 15 ኪሎ ማለት ነው። በመሆኑም አንድ ባለ 20 ሊትር ንጹሕ ጀሪካን በመኪና ይዞ ከታመነ ቧንቧ በየደረሱበት መሙላት ይገባል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኝ ውኃ ሁሉ ውኃ አይደለም። ከመተሐራ አጠገብ የሚታየው የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ነው፤ በአካባቢው ያሉ አንዳንድ የጉድጓድ ውኃዎችም ፍሎራይድ የበዛባቸው መሆናቸው ይታወቃል። ምንጩ ያልታወቀ ውኃ ፈልቶ ይጠጣ፤ ማፍላቱ ግን ጀርሙን እንጂ ፍሎራይዱን እንደማያስወግድ መዘንጋት የለበትም። ብዙ ሕዝብ በሰፈረበት ቦታ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ለብቻ ይያዝ። የተቅማጥ በሽታ በሕዝብ መካከል የሚዛመተው በእጅና በውኃ ነውና።

ስለ እሳት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቁልቢ ብርድ የተነሣ አንዳንድ ቤተሰብ የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳን አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጭስ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል በምንም ምክንያት ወደ ተዘጋ ድንኳን አይግባ። ምግብ በውጭ ይሠራ፤ ሙቀት በብርድ ልብስ፣ በጋቢና በትኩስ አጥሚት ይፈለግ።

ሐምሌ 19 ቀን ለሚሄዱ

የቁልቢ ንግሥ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደመሆኑ፣ በሐምሌው የሚሄዱ ምእመናን ስንቃቸው ይለያል። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን ስለሚፈታ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ፍስክ ነው። ያን ጊዜ ቋንጣ በሽሮው ላይ ሊጨመር ይችላል። የአካባቢያችን የኦሮሞ እናቶች ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚያሰናዱት ጩኮም ለመንገደኛ ተስማሚ የሆነ፣ ጥቂቱ ብዙ የሚያቆይ ምግብ ነው። ወራቱ ክረምት ስለሆነ ግን ድርቆሹና ቆሎው ዝናብ እንዳይነካው ከጨርቁ በላይ ውኃ የማያስገባ መሸፈኛ ያሻዋል።

የሚተርፍ ስንቅ

ቀላል ስንቅ ሌላም በረከት አለው። የተረፈ ወጥ ይደፋል፤ የተረፈ ቆሎና በሶ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል። በቁልቢ ደጅ ሕሙማን፣ አካል ጉዳተኞችና ረዳት ያጡ አረጋውያን በብዛት ተቀምጠው ይታያሉ። ከ12ቱ ኪሎ ሌላ አንድ ኪሎ በሶና አንድ ኪሎ ቆሎ በተለየ ከረጢት ቋጥሮ፣ ከቤት ሲነሡ ጀምሮ «ይህ የነዳያን ነው» ብሎ ለልጅ ማስያዝ ልጁን ከብዙ ስብከት በላይ ያስተምረዋል።

በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል። ያ ሁሉ የሆነው የቁልቢ ተጓዥ በሚያልፍበት በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምድጃ ለሌለው ሰው የሚጠቅመው ሳይበስል የሚበላ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ ነው። ለራሳችን መንገድ የምናሰናዳው ምግብ ለተቸገረ ወገን ለመድረስም የተሰናዳ ይሁን።

በመጨረሻ ወደ በዓሉ ባለቤቶች እንመለስ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ወደ እቶን ከመጣላቸው አስቀድሞ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የተፈተኑት በማዕድ ነበር። ከንጉሡ መብልና ከወይን ጠጁ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ እንዲሰጣቸው ከዳንኤል ጋር ለመኑ። ከዐሥር ቀን በኋላም ፊታቸው የንጉሡን መብል ከበሉት ሁሉ አምሮ ታየ (ዳንኤል 1)። እሳቱን ያሸነፈው እምነት አስቀድሞ በጥራጥሬና በውኃ ተለማምዶ ነበር። እንግዲህ በወለንጪቲ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቆሎውን ከልጆቹ ጋር የሚበላ የቁልቢ ተጓዥ የሠለስቱ ደቂቅን ማዕድ እየተካፈለ ነው።

እኒያን እናት በማግሥቱ ዓመት እዚያው ቁልቢ አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው መሄድ ጀምሯል። ድስት አላየሁም፤ በድንኳናቸው ደጅ የታሰረ የጨርቅ ከረጢት ብቻ ተንጠልጥሏል። ታቦቱ ሲወጣ ሕፃኑን አዝለው ከፊት ቆመው ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እንኳን ለቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ለመንገደኞች መንገዱን የቀና፣ ስንቁን የተባረከ፣ መመለሱን የሰላም ያድርግልን። አሜን።